ሥራ ፈጣሪዎችን የሚያነሳሳቸው ምንድን ነው? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የራሳቸውን ሥራ ሊጀምሩ ካሰቡ፣ ከጀመሩና መንገድ ላይ ከደከማቸው ሰዎች ደጋግመው የሚመጡ ጥያቄዎች ናቸው፤ «ዓ.ም.» ተብሎ ካልተጻፈ በቀር ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሰው የራሱን ሥራ የሚጀምረው ለገንዘብ አይደለም እንዴ?

ገንዘብ አለበት፤ ብቻውን ግን አይደለም። ብቻውን ቢሆን ኖሮ ብዙው ሰው ሁለት ዓመት ሳይሞላው ሱቁን ዘግቶ የሥራ ማስታወቂያ ወደማንበብ ይመለስ ነበር። ባርተን ሃሚልተን የተባለ ኢኮኖሚስት በ2000 ባሳተመው ጥናት በአሜሪካ የግል ሥራ ያላቸውን ሰዎች ገቢ፣ ተቀጥረው ቢሆን ሊያገኙት ከሚችሉት ጋር አስተያይቶ ነበር። በሥራው አሥር ዓመት ከቆዩት መካከል እንኳ መሀል ላይ ያለው ሰው የሚያገኘው ተቀጥሮ ከሚያገኘው በ35 በመቶ ያንስ ነበር። ጥቂቶች እጅግ ይከብራሉ፤ አብዛኛው በዚያ ባነሰ ገቢ ይቀጥላል። የሃሚልተን መደምደሚያ ሰዎቹ ይህን ገቢ የሚተዉት ሌላ ነገር ስለሚያገኙ ነው የሚል ነው፤ በተለይ የራሳቸው አለቃ መሆንን።

ጆሴፍ ሹምፒተር የተባለው ኦስትሪያዊ ኢኮኖሚስት ከመቶ ዓመት በፊት ሦስት መነሻዎችን ዘርዝሮ ነበር፦ የራስን ትንሽ መንግሥት የማቆም ሕልም፣ የማሸነፍ ፍላጎት፣ ነገርን የመፍጠርና ከዳር የማድረስ ደስታ። ከእሱ በኋላ የመጡት የሥነ ልቦና ምሁራን ኤድዋርድ ዴሲና ሪቻርድ ራያን ደግሞ ማንኛውም ሰው በራሱ መወሰን፣ አቅም እንዳለው መሰማትና ከሌሎች ጋር መተሳሰር ይሻል ይላሉ። የራስ ሥራ ሦስቱንም በአንድ ላይ ሊሰጥ ይችላል። ደመወዝ ከፍ ብሎ በራስ መወሰን ሲጠፋ ሰው የሚያማርረውም፣ ትንሽ ሱቅ ያለው ሰው «ማንም አያዘኝም» ሲል ፊቱ የሚበራውም ለዚህ ነው።

ተቸግሮ የጀመረና ዕድል ታይቶት የጀመረ ሰው ይለያያሉ?

ተመራማሪዎች ይለዩአቸዋል። ግሎባል ኢንተርፕረነርሺፕ ሞኒተር የተባለው ዓለም አቀፍ ጥናት ከ2001 ጀምሮ ሰዎችን ሌላ አማራጭ አጥተው የጀመሩና ጥሩ አጋጣሚ አይተው የጀመሩ ብሎ ሲከፍል ቆይቷል። ክፍፍሉ ለመንግሥት ፖሊሲ ይጠቅማል። ለአንድ ሰው ሕይወት ሲሆን ግን ቶሎ ይደባለቃል።

ጉሊት ላይ ሽንኩርትና ቲማቲም የምትሸጥ ሴት እናስብ። የጀመረችው ባሏ ሥራ ስላጣ ነው፤ ማንም አልጠየቃትም፣ ሌላም አልነበራት። ሦስት ዓመት ካለፈ በኋላ ግን ደንበኞቿን በስም ትጠራለች፣ አትክልት ተራ ውስጥ ከየትኛው ጅምላ ሻጭ ምን ሰዓት እንደሚገዛ ታውቃለች፣ የትኛው ሳጥን ላዩ ብቻ ያማረ እንደሆነ ሳትገለብጠው ትለያለች። ያኔ የተሻለ ደመወዝ ይዞ ሰው ቤት እንድትሠራ የሚጠራት ቢመጣ አትሄድም። ያስጀመራት ችግር ነው፤ ያቆያት ሌላ ነው። ሰዎችን «ለምን ጀመርክ?» ከማለት «ለምን ቀጠልክ?» ብሎ መጠየቅ ብዙ ጊዜ የበለጠ ያሳያል።

በ1970ዎቹ መጨረሻና በ1980ዎቹ ከአገር ተሰደው ዋሽንግተን የገቡ ኢትዮጵያውያንም አዳምስ ሞርጋን በተባለው ሰፈር ምግብ ቤት ሲከፍቱ ግፊቱም መስህቡም አብረው ነበሩ፤ በአዲስ አገር የተዘጋ በርና የአገር ቤት እንጀራ የናፈቀው ሕዝብ። ዕድል ታይቷቸው የጀመሩትም ቢሆኑ መነሻቸው ብዙ ጊዜ ያዩት ችግር ነው። ቤተልሔም ጥላሁን በ2004 ሶልሬብልስን ስትመሠርት ያነሳሳት ባደገችበት በዘነበወርቅ ሰፈር ሰዎች ሙያ እያላቸው ሥራ አጥተው ማየቷ ነበር፤ ከመኪና ጎማ የሚሠራውን በረባሶ መነሻ አድርጋ ጫማ ወደ ውጭ ላከች። ሳምራዊት ፍቅሩ ራይድ የተባለውን የታክሲ መጥሪያ አገልግሎት የጀመረችው ከሥራ አምሽታ ስትወጣ ታክሲ ማግኘት ስላስመረራት እንደሆነ ተናግራለች።

ሥራ ፈጣሪነት አብሮ የሚወለድ ነገር ነው?

በከፊል። በ2008 በእንግሊዝ መንትዮች ላይ የወጣ ጥናት ሰዎች ወደ ግል ሥራ ለማዘንበል ካላቸው ልዩነት ግማሽ ያህሉ ከዘር ውርስ ጋር እንደሚያያዝ አሳይቷል። ይህ ስለ አንድ ሕዝብ ልዩነት የሚናገር ቁጥር ነው እንጂ የአንድን ሰው ዕጣ ፈንታ አይናገርም። «አባቴ ነጋዴ አልነበረም፣ በእኔ የለም» ለማለት አያበቃም።

ይልቅ በስዊድን በጉዲፈቻ ያደጉ ልጆች ላይ ተሠርቶ በ2015 የታተመው ጥናት ብዙ ያስተምራል። የግል ሥራ ያላቸው ወላጆች ልጆች እነሱም የግል ሥራ የመጀመር ዕድላቸው ወደ 60 በመቶ ይጨምራል። ጉዳዩ በወለዱትና ባሳደጉት ወላጆች ሲከፈል ግን ያሳደጉት ተጽዕኖ ከወለዱት በእጥፍ ይበልጣል። ይህን ለመረዳት ከትምህርት ቤት መልስ ሱቅ ውስጥ የሚቀመጥ ልጅ ማየት ይበቃል። የቤት ሥራውን እየሠራ ዱቤ መዝገቡ ላይ «የእትዬ እገሌ፣ ግማሽ ኪሎ ስኳር» ብሎ ይጽፋል፤ ማን በወሩ መጨረሻ እንደሚከፍል፣ ማን እንደሚያመላልስ፣ አባቱ የትኛውን ደንበኛ አይጠይቅም ብሎ እንደሚያልፍ ያያል። ማንም ንግድ አስተማርኩት አይልም። ግን ሲያድግ ሱቅ መክፈት ለእሱ እንግዳ ነገር አይሆንም።

መርካቶ ውስጥም ብዙ ነጋዴ ያደገው እንዲህ ነው፤ ከገጠር መጥቶ ዘመድ ሱቅ ውስጥ በመላላክ ጀምሮ፣ ዓመታት አገልግሎ፣ አንድ ቀን በእምነት ዕቃ ተሰጥቶት ለብቻው ወጣ። እንዲህ ያለ ዘመድ የሌለው ሰው ግን አያበቃለትም። የሥነ ልቦና ምሁሩ አልበርት ባንዱራ ሰው «እችላለሁ» የሚል እምነት ከሚያገኝባቸው መንገዶች አንዱ የሚመስለው ሰው ሲያደርገው ማየት ነው ብሏል። የሚመስልዎትን ሰው ከቤተሰብ ውጭ ማግኘትም ይቻላል።

አደጋ የማይፈራ ሰው መሆን አለብኝ?

አይደለም፤ ይህ በጣም የተለመደና ብዙ ጎበዝ ሰው ወደኋላ ያስቀረ የተሳሳተ እምነት ነው። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ምሁር ዴቪድ ማክሌላንድ ሰዎችን ለመለየት የሚጠቀምበት ቀላል ጨዋታ ነበር። መሬት ላይ እንጨት ይተከላል፤ ሰዎቹ ቀለበት ይወረውሩበታል፤ ከየት ቆመው እንደሚወረውሩ ግን ራሳቸው ይመርጣሉ። አንዳንዱ አጠገቡ ቆሞ ሁሉንም ያስገባል። አንዳንዱ ከሩቅ ጥግ ይወረውራል፤ ቢገባለት ዕድል ነው፣ ቢስት ማንም አይወቅሰውም። የማሳካት ፍላጎታቸው ከፍ ያለው ሰዎች መሀል ላይ መቆም ያዘወትራሉ፤ ሊስቱ በሚችሉበት፣ ቢጠነቀቁ ግን በሚያስገቡበት ርቀት።

ተመራማሪዋ ሳራስ ሳራስቫቲ ልምድ ያላቸው 27 የአሜሪካ ድርጅት መሥራቾች እንዴት እንደሚያስቡ አጥንታ በ2001 ያወጣችውም ወደዚሁ ይወስዳል። መሥራቾቹ «ምን ያህል አተርፋለሁ?» ከሚለው በፊት «ቢከሽፍ ምን ያህል ማጣት እችላለሁ?» ብለው ይጠይቃሉ። የቤት ኪራይና የልጆች ትምህርት ቤት ክፍያ ለብቻው ተቀምጦ፣ የቀረው ብቻ ይነካል።

በርግጥ ሌላም ገጽታ አለው። በ1988 አሜሪካ ውስጥ 2,994 አዲስ ሥራ ጀማሪዎች ተጠይቀው 81 በመቶው የመሳካት ዕድላቸውን ከአሥር ሰባትና ከዚያ በላይ ሰጥተውታል፤ አንድ ሦስተኛው ጭራሽ አሥር ከአሥር ብሏል። ስለዚህ ብዙው ጀማሪ አደጋን አይወድም፤ አደጋው አይታየውም እንጂ። ፈሪ ነኝ ብለው ራሳቸውን የሚወቅሱ ሰዎች ይህን ቢያውቁት ደስ ይለኛል፤ የሚታይዎት አደጋ ካለ ከብዙዎቹ አንድ እርምጃ ቀድመዋል።

ደመወዜን ሳልለቅ ጎን ለጎን ብጀምር ቁርጠኝነት የለኝም ማለት ነው?

አይደለም። በአሜሪካ መረጃ ላይ በ2014 የታተመ ጥናት፣ ተቀጥረው እየሠሩ ጀምረው በኋላ ሙሉ በሙሉ የወጡ ሰዎች የመክሸፍ አጋጣሚ በአንድ ጊዜ ሥራ ለቀው ከገቡት በ33 በመቶ ያነሰ ሆኖ አግኝቶታል። «መርከቡን አቃጥለህ ግባ» የሚለው ምክር ለመድረክ ያምራል፤ ቤት ኪራይ ለሚከፍል ሰው ግን ጎጂ ነው። የቅጥር ውልዎ ሌላ ሥራ እንዳይሠሩ ይከለክል እንደሆነ ግን አስቀድመው ያንብቡ።

አርባን አልፌያለሁ፤ ጉልበቱም ፍላጎቱም ያልፍብኝ ይሆን?

በአሜሪካ ከየሺሁ አዲስ ድርጅት እጅግ ፈጥኖ ያደገውን አንዱን የመሠረቱ ሰዎች ሲጀምሩ አማካይ ዕድሜያቸው 45 እንደነበር በ2020 የታተመ ሰፊ ጥናት አሳይቷል። ዩኒቨርሲቲ አቋርጦ የከበረው ወጣት ታሪክ ሚዲያ ስለሚወደው ነው ደጋግመን የምንሰማው። በአርባዎቹ ያለ ሰው ዘርፉን ያውቃል፣ ሰው ያውቃል፣ ደውሎ ዕቃ በእምነት የሚያስልክበት ስም አለው።

ተነሳሽነት በሥልጠና ይመጣል? አነቃቂ ንግግሮችስ?

በሥልጠና ሊመጣ ይችላል፤ የሥልጠናው ዓይነት ግን ይወስነዋል። ማክሌላንድ በ1960ዎቹ በደቡብ ህንድ ካኪናዳ በምትባል ከተማ ያሉ ነጋዴዎችን በአጭር ሥልጠና ግብ ማስቀመጥን፣ መሀለኛውን ርቀት መምረጥንና የሥራቸውን ውጤት ቶሎ ቶሎ መለካትን አስለመዳቸው። በቀጣዮቹ ዓመታት እነዚህ ሰዎች ካልሠለጠኑት በበለጠ አዲስ ሥራ ጀመሩ፣ ገንዘብ አፈሰሱ፣ ሠራተኛ ቀጠሩ። ኤምፕሬቴክ የተባለው የተባበሩት መንግሥታት ፕሮግራም በ1988 አርጀንቲና ውስጥ የተጀመረው በዚህ ሥራ ላይ ቆሞ ነው። እኛም አገር በ2013 የተቋቋመው የኢንተርፕረነርሺፕ ልማት ማዕከል፣ የዛሬው ኢንስቲትዩት፣ የሚሰጠው የስድስት ቀን ሥልጠና ከዚያው የተቀዳ ነው። እዚያ የሄደ ሰው ስለ አሥሩ የሥራ ፈጣሪ ብቃቶች ሳይሰማ አይመለስም።

ይበልጥ የሚያሳምነው ማስረጃ ከቶጎ የመጣው ነው። ሎሜ ከተማ ውስጥ 1,500 አነስተኛ ነጋዴዎች በዕጣ በሦስት ተከፈሉ፤ አንዱ ቡድን የሒሳብ አያያዝና የገበያ ሥልጠና ወሰደ፣ ሌላው ቀድሞ መነሳትን፣ ከጎረቤት ተለይቶ መሥራትንና እንቅፋትን አስቀድሞ ማሰብን ተለማመደ፣ ሦስተኛው ምንም አልወሰደ። በ2017 የወጣው ውጤት እንዳሳየው የሁለተኛው ቡድን ትርፍ በ30 በመቶ ጨመረ። የተለመደውን የንግድ ሥልጠና የወሰዱት ላይ የታየው ጭማሪ 11 በመቶ ነበር፤ እሱም በስታቲስቲክስ አስተማማኝ አልነበረም።

አዳራሽ ሞልቶ «ትችላለህ!» የሚያስብለውን ንግግር በተመለከተ፣ የቶጎዎቹ ሠልጣኞች ያገኙት ያንን አይደለም። እያንዳንዳቸው በራሳቸው ሱቅ ላይ ምን እንደሚቀይሩ እየጻፉ፣ ሞክረው እየመጡ ነበር የተማሩት። ሰው የሚነሳሳው ትንሽ ነገር ሞክሮ ሲሳካለት ነው። ለአንድ ቀን መግቢያ የሚከፈለው ብር ለአዲስ ዕቃ ሙከራ ቢውል የተሻለ ያነቃቃል ብዬ ከልቤ አምናለሁ።

መነሻ ገንዘብ ቢሰጠው ማንም ሰው ሥራ ፈጣሪ ይሆናል?

ይህን በእኛው አገር ተመራማሪዎቹ ክሪስቶፈር ብላትማንና ስቴፋን ዴርኮን ፈትነውታል። አምስት ድርጅቶች ውስጥ ለፋብሪካና መሰል ሥራ ካመለከቱ ወደ አንድ ሺህ የሚጠጉ ሰዎች፣ አብዛኞቹ ወጣት ሴቶች፣ በዕጣ ተለዩ። አንዳንዶቹ የጠየቁትን ሥራ አገኙ፤ አንዳንዶቹ 300 ዶላር ገደማና የጥቂት ቀን ሥልጠና ተሰጣቸው፤ የቀሩት ምንም አላገኙም። ከአንድ ዓመት በኋላ ገንዘብ የተሰጣቸው ሰዎች ገቢ በ33 በመቶ በልጦ ተገኘ። ወደ ፋብሪካ ከገቡት ደግሞ ብዙዎቹ በወራት ውስጥ ለቀው ወጡ። ከአምስት ዓመት በኋላ ግን ተመራማሪዎቹ ሲመለሱ በቡድኖቹ መካከል የነበረው የገቢ ልዩነት ጠፍቶ ነበር።

እኔ ከዚህ የማነበው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ገንዘብ ያጣ ሰው ፍላጎት ያጣ ሰው አይደለም፤ እነዚያ ሴቶች ሲሰጣቸው ሠርተውበታል። ሁለተኛ፣ አንድ ጊዜ የተሰጠ ገንዘብ ሰውን ለማስነሳት ይበቃል፤ ለማቆየት ግን ገበያ፣ መሸጫ ቦታና ተከታይ ብድር ይፈልጋል። ሥራው ሲዳከም «ተነሳሽነት የላቸውም» ብሎ ሰውን መውቀስ ቀላል ነው፤ ብዙ ጊዜ ፍትሐዊ አይደለም።

ሽልማትና የሐሳብ ውድድር ፍላጎትን ያሳድጋል ወይስ ይገድላል?

ሁለቱንም ያደርጋል። ዴሲ በ1971 ባወጣው ሙከራ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የሚወዱትን የእንቆቅልሽ ጨዋታ እንዲሠሩ አድርጎ ለአንዱ ቡድን ለእያንዳንዱ አንድ ዶላር ከፈለ። ክፍያው ሲቆም የተከፈላቸው ተማሪዎች በትርፍ ጊዜያቸው ጨዋታውን መንካት ቀነሱ። ለደስታ ሲሠሩት የነበረው ለክፍያ ሆነ፤ ክፍያው ሲሄድ ምክንያቱም አብሮ ሄደ።

በስታርትአፕ፣ ማለትም በጀማሪ ድርጅቶች፣ ዙሪያ ይህ በግልጽ ይታያል። አንድ ወጣት ቡድን አንድ ውድድር ያሸንፋል፤ ዋንጫና ገንዘብ ይቀበላል፤ ከዚያ ቀጣዩን ውድድር ያሳድዳል። ዓመት ሲሞላ የማቅረቢያ ስላይዱ እጅግ ያማረ ይሆናል፤ የከፈለ ደንበኛ ግን የለም። ምልክቱን ለማወቅ ቀላል ነው፦ ባለፈው ወር ያናገሩት ዳኛ ከደንበኛ ይበልጣል? ሽልማቱን «ሥራችሁ ይህ ይህ ደርሷል» የሚል መረጃ አድርጎ የሚወስደው ሰው ግን አይጎዳበትም፤ ዴሲና ራያንም ልዩነቱ ሽልማቱ ሰውየውን ይቆጣጠረዋል ወይስ ስለ አቅሙ ይነግረዋል የሚለው ላይ ነው ይላሉ።

ቤተሰብና ዘመድ ያበረታኛል ወይስ ይጎትተኛል?

ብዙ ሰው የሚሠራው ለቤተሰቡ ነው፤ እናቱን ለማሳረፍ፣ ታናሹን ለማስተማር። ይህ ጠንካራ መነሻ ነው። እንደዚያው ሁሉ ሥራው ገና ሳይቆም የሚመጣው ጥያቄ ፍላጎትን ያደክማል፤ ያተረፍኩት ሁሉ የሚሄድ ከሆነ ለምን እደክማለሁ የሚል ሐሳብ ይመጣል። በምዕራብ ኬንያ ገጠር በተደረገና በ2016 በታተመ ሙከራ ዘመዶቻቸው በቦታው የነበሩ ሴቶች ያገኙትን ገንዘብ እንዳይታይባቸው ሲሉ ጥቅማቸውን የሚቀንስ ምርጫ እስከመምረጥ ደርሰዋል። በክፋት የሚደረግ አይደለም። እምቢ ማለት ከባድ ስለሆነ መደበቅ ይቀላል።

እቁብ ይህን ችግር በሚያስደንቅ ብልሃት ይፈታዋል። ቅዳሜ ከሰዓት ዳኛው ተቀምጦ፣ ጸሐፊው መዝገቡን ከፍቶ ስም ይጠራል፤ ዕጣ የወጣለት ሰው ዋስ ጠርቶ ገንዘቡን ይወስዳል። በሳምንቱ መሀል ብድር ሊጠይቅ ለመጣ ያጎት ልጅ «የእቁብ አለብኝ» የሚል መልስ ይበቃል፤ ማንም አይቀየምም፣ ምክንያቱም እቁብ ማጉደል ነውር መሆኑን ጠያቂውም ያውቃል። ገንዘቡ ተጠራቅሞ ሲወጣ ደግሞ ለአንድ ነገር ይበቃል፤ ለማቀዝቀዣ፣ ለስፌት መኪና፣ ለሱቅ ቅድሚያ ክፍያ። ራስን የመቆጣጠር ሥነ ልቦና ምሁራን እቅድን በቃል ኪዳን ማሰር የሚሉት ይህንን ነው።

ባህልና ሕግ ሰውን ከንግድ ያርቁታል?

ሌላ አቅጣጫ ያስይዙታል ማለት ይሻላል። ኢኮኖሚስቱ ዊልያም ባውሞል በ1990 ያቀረበው ሐሳብ በየዘመኑ ትልቅ ፍላጎት ያላቸው ሰዎች ይኖራሉ፤ ጉልበታቸውን የት እንደሚያውሉት የሚወስነው ግን ማኅበረሰቡ የሚያከብረውና የሚከፍልበት ነገር ነው የሚል ነው። በእኛ ታሪክ «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የተባለበት ዘመን ነበር፤ ሀብትም ክብርም የሚገኘው ከሹመት ነበርና ብልሁ ሰው ወደ ግቢ ይሄዳል። ብረት ቀጥቃጩ፣ ሸማኔው፣ ሸክላ ሠሪዋ ግን እየሠሩ ይሰደቡ ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከማስነገር የደረሱት ነገሩ ምን ያህል ሥር ሰድዶ እንደነበር ስላዩ ነው።

ደርግ በ1967 ዓ.ም. ባንኮችን፣ ኢንሹራንሶችንና ትልልቅ ፋብሪካዎችን ከወረሰ በኋላ ደግሞ አንድ የግል ባለሀብት በኢንዱስትሪ ሊያሠራ የሚችለው ካፒታል ከ500,000 ብር እንዳይበልጥ ተወሰነ። ማደግ የሚያስጠይቅ ከሆነ ሰው ማደጉን ይደብቃል፤ በትንሹ ይበታትነዋል ወይም አገር ይለቃል። ዛሬም አንዳንድ ሽማግሌ ነጋዴ ልጁን «ብዙ አትታይ» ሲል ሰነፍ ስለሆነ አይደለም፤ ያየውን ስላየ ነው።

ስጀምር የነበረኝ ፍቅር ጠፋ። ሥራው የእኔ አይደለም ማለት ነው?

የግድ አይደለም። ፍቅር ቀድሞ፣ ልፋት ተከትሎ ይመጣል ብለን እናስባለን። በ2015 የታተመ ጥናት 54 ሥራ ፈጣሪዎችን ለስምንት ሳምንት በየሳምንቱ እየጠየቀ ሲከታተል ግን ተቃራኒውን አየ፤ በአንድ ሳምንት ብዙ የለፋ ሰው በቀጣዩ ሳምንት ለሥራው ያለው ስሜት ይጨምር ነበር። በሌላ ሙከራም ተመራማሪዎቹ ይህ የሚሆነው ልፋቱ ወደፊት ሲያስኬድና ሥራውን ሰውየው ራሱ የመረጠው ሲሆን እንደሆነ አግኝተዋል። ስለዚህ ፍቅር ሲቀዘቅዝ የሚጠየቀው፣ መጨረሻ ጊዜ አንድ ነገር ወደፊት ሲሄድ ያየሁት መቼ ነው የሚለው ነው። ብዙ ሰው የሚደክመው ሳይሸጥ፣ ሳይማር፣ ከቢሮ ቢሮ ወረቀት ይዞ ሲመላለስ ወራት ሲያልፉ ነው።

እዚህ ላይ ግን መጠንቀቅ ያለብን ነገር አለ። እንቅልፍ ማጣት፣ የምግብ ፍላጎት መጥፋት፣ ሳምንታት የዘለቀ ተስፋ መቁረጥ ካለ የተነሳሽነት ጉዳይ አይደለም፤ ሕመም ነው፣ ሕክምናም አለው። የአእምሮ ሐኪሙ ማይክል ፍሪማን በአሜሪካ 242 ሥራ ፈጣሪዎችን አጥንቶ 49 በመቶው በሕይወታቸው ቢያንስ አንድ የአእምሮ ጤና ችግር እንደነበረባቸው ገልጿል። ሐኪም ጋ መሄድ ድክመት አይደለም። «ሠራተኞቼ ምን ይላሉ» እያሉ መቆየት ይጎዳል።

ሥራው አድጓል፤ ለምንድን ነው ለሌላ ሰው ማስረከብ የከበደኝ?

ያስጀመረዎት ነገር አሁን እንቅፋት እየሆነ ስለሆነ ነው። የራስ አለቃ ለመሆን የጀመረ ሰው ሥልጣን ሲያካፍል የመጣበትን ምክንያት የሚሰጥ ይመስለዋል። ተመራማሪው ኖአም ዋሰርማን 212 የአሜሪካ ስታርትአፖችን ተከታትሎ እንዳገኘው፣ ሦስት ዓመት ሲሞላቸው ግማሾቹ መሥራቾች ከሥራ አስኪያጅነት ወንበር ተነስተው ነበር። አብዛኞቹ ወድደው አልለቀቁም። እሱ የሚለው መሥራች ሀብትንና ንግሥናን ሁለቱንም በሙሉ የሚያገኘው ከስንት አንዴ ነው፤ ባለድርሻ ያስገባ ድርጅቱ ያድጋል፣ ቃሉ ግን የብቻው አይሆንም።

ሁለቱም ምርጫ ክብር አለው። ሱቁን አንድ አድርጎ በራሱ ቁጥጥር ይዞ መኖር የሚፈልግ ሰው «ለምን አላደግክም» ሊባል አይገባውም። የሚጎዳው ማደግ እየፈለጉ እያንዳንዱን ደረሰኝ እኔ ካልፈረምኩ ማለት ነው።

መተው ያለብኝ መቼ ነው? ተስፋ ቆራጭ መባልንስ እንዴት ልቻለው?

ከሁሉ ከባዱ ጥያቄ ይህ ነው፤ ምክንያቱም የሚያስጀምረን ጽናትና የሚያከስረን ግትርነት ከውስጥ ሲታዩ አንድ ናቸው። የሥነ ልቦና ምሁራኑ ዳንኤል ካህነማንና አሞስ ትቨርስኪ በ1979 ያሳዩት ሰው ከማግኘት ደስታ ይልቅ የማጣት ሕመም እንደሚበረታበት ነው። ስለዚህ ያወጣነውን ላለማጣት ስንል ተጨማሪ እናወጣለን፤ መኪናውን ሸጦ ሱቁን፣ ሱቁን ለማዳን ከእህት ብድር። የሚረዳው መንገድ የማቆሚያውን ልክ ገና ሲጀምሩ፣ ልብ ሳይሞቅ፣ ጽፎ ለሚያምኑት ሰው መስጠት ነው፦ ይህን ያህል ገንዘብ፣ እስከዚህ ወር። ቀኑ ሲደርስ የሚጠየቀው «ስንት አወጣሁ?» አይደለም። «ዛሬ ባዶ እጄን ብሆንና ይህ ሥራ ቢቀርብልኝ እገባበት ነበር?» ነው።

ከዘጉ በኋላ ያለው ስሜት ደግሞ ሐዘን ነው። ዲን ሼፐርድ የተባለ ተመራማሪ የድርጅት መዘጋትን ሰው ሲሞት ከሚሰማ ሐዘን ጋር አነጻጽሮ ጽፏል፤ የሚሻለው ለተወሰነ ጊዜ የሆነውን እያሰቡ፣ ለተወሰነ ጊዜ ደግሞ ኑሮን እያቀኑ በመመላለስ ነው ይላል። ለሞት እድር አለን፤ ድንኳን ይተከላል፣ ሰው ሦስት ቀን አብሮ ይቀመጣል። ሱቁ ለተዘጋበት ሰው ግን ማንም አይመጣም፤ እንዲያውም እንዳያፍር ብለው መንገድ ይቀይሩለታል። የሚያውቁት ሰው እንዲህ ካጋጠመው ይደውሉለት። ምክር አያስፈልግም።

ይህ ኀፍረት ሌላ ተግባራዊ ጉዳትም አለው። ብዙ ሰው በሩን ቆልፎ ይጠፋል እንጂ ንግድ ፈቃዱን አይመልስም፣ ለገቢዎችም አያሳውቅም። መዝገቡ ክፍት እስከሆነ ድረስ ሳያሳውቁ በቀሩበት ጊዜ ቅጣት እየተጠራቀመ ይሄዳል፤ ከዓመታት በኋላ ሰውየው በአዲስ ጉልበት ሌላ ሥራ ሊጀምር ክሊራንስ፣ ማለትም ከዕዳ ነፃ የመሆን ማስረጃ፣ ሲጠይቅ ያ ዕዳ ይጠብቀዋል። ስለዚህ የከበደ ቢሆንም የሚቀርብዎትን ሰው አስከትለው ሄደው ፈቃዱን ይመልሱ፣ መዝገቡን ያዘጉ፣ የተሰጠዎትን ወረቀት ያስቀምጡ።